ሁለት እጃቸው ወደ ላይ

ጠባሴ ላይ ውርጭ ወርዷል፤ መስኮቱ ጥርሱን ነክሷል፤
የብርድ ልብስ ፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ ገብቷል።
እኔም ፈረቃዬ ነው።
ከምስር ፍሬ የማትበልጥ አንዲት የወርቅ ፊት ይዤ፣
ነጭ ዱቄት በነሰነስኩት እርጥብ ጨርቅ ላይ ፈዝዤ፣
ስምንት ቁጥር እየሳልኩ እፈገፍጋታለሁ፤
የአምፖሉን ክር በሆዷ አጥርቼ እስካይ ድረስ
ማንም አይቀመጥባትም።

ወርቅ ብቻውን ደንቆሮ ነው።
ደም ቢነካው፣ ውሃ ቢነካው፣ ለእሱ አንድ ነው።
ስለዚህ ምስክር እናቆምለታለን።
ምስክሮቹ የመጡት ከአንዲት የመንዝ በግ ነው፣
ጆሮዋ ላይ አርባ ሰባት የሚል ቢጫ ምልክት ካላት።
ልብ ሲቆስል ወደ ደም የሚያመልጠውን ፕሮቲን
ጥቂት ጥቂት ወጋናት፣ ጠላትሽ ነው አልናት።
አመነችን። መልኩን ሸመደደችው።
ከአንገቷ በቀዳነው ደም ውስጥ
አንድ እግርና ሁለት እጅ ያላቸው አንቲቦዲዎች አገኘን።

ከዚያ ሦስት ወር ሙሉ አበላሸሁ።
ወርቁ ላይ ጠብ ሳደርጋቸው እንደ ሰካራም ይወድቃሉ፤
አንዱ በደረቱ፣ አንዱ በጎኑ፣
አንዱ እጁን ከሥሩ አጥፎ።
አሉ፣ ግን አይዙም።
አጥናፍሰገድ «ሞተዋል፣ ሌላ እናስመጣ» ይለኛል፤
ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ለገና ሞላሌ ወጣሁ። አባቴ ባና ይሠራል፤
እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ሰዶ፣ የበግ ፀጉር ጢሙ ላይ ቀርቶ
«ምን አከሳሽ?» አለኝ። እንደምንም አስረዳሁት።
ሳቀብኝ።
«ድሩን ሳትወጥሪ ማግ ትወረውሪያለሽ እንዴ?»
ሌላ አላለም። ወደ መወርወሪያው ተመለሰ።

ስመለስ መጀመሪያ ድሩን ወጠርኩ፦
አንድ ጫፉ ድኝ የሆነ፣ ወርቅ ሲያገኝ የሚነክስ
ቀጭን ሰንሰለት፣ ሌሊቱን ሙሉ ያደረበት።
በዓይን አይታይም፤
እኔ ግን የግሼ ገብስ ጎን ለጎን ሲቆም ይታየኛል።
በላዩ እግር ብቻ መጨበጥ የሚያውቅ ሌላ ፕሮቲን፤
ከዚያ የበጓ ምስክሮች፣ በእግራቸው ተይዘው፣
ሁለት እጃቸው ወደ ላይ።
የተረፈውን ክፍት ቦታ በከብት አልቡሚን ሞላሁት፤
ሰርግ ቤት ባዶ ወንበር ካለ
ያልተጠራ ይቀመጥበታል።

ልክ ያኔ መብራት ጠፋ።
ማቀዝቀዣው አንዴ ተነፈሰና ዝም አለ።
የቀረችኝን ብልቃጥ በባና ቁራጭ ጠቅልዬ
በመስኮቱና በመዝጊያው መካከል አስቀመጥኳት፤
ብርዱ ይጠብቃታል፣ ውርጩ ይገድላታል፣
ባናው ሁለቱን ያስታርቃል።
እንግዳ ሁሉ የሚረግመው የደብረ ብርሃን ብርድ
ያን ሌሊት ደመወዝ የማይጠይቅ ረዳቴ ሆነ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራቱ መጣ።
ናሙና ሃያ ሦስት።
ማን እንደሆነ አላውቅም፤
የጣርማ በርን ዳገት በጭነት መኪና የሚወጣ ሹፌር ይሁን፣
ደረቷን «ጨጓራ ነው» ብላ የታገሠች እናት፣
ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው።
ጠብ አደረግኩ። ጠበቅሁ።
ስክሪኑ ላይ መስመሩ እንደ ልማዱ ጉብ ማለት ጀመረ፤
ግን ከወትሮው ከፍታ ሳይደርስ
ሐሞቱ ፈስሶ ወረደ።

እዚህ ቤት «አዎ» የሚባለው በማነስ ነው።
እጆቹ የፈለጉትን ሲጨብጡ በሩ ይጠብባል፣
ኮረንቲው ማለፊያ ያጣል።
ያገኘ ዝም ይላል፤ የሚጮኸው ያላገኘው ነው።

አልጮህኩም እኔም። አጥናፍሰገድን አልቀሰቀስኩትም።
አንዴ የታየ ገና ወሬ ነው።
ሌላ ወርቅ አነሣሁ፣ ጨርቁን አረጠብኩ፣
ስምንት ቁጥር መሳል ጀመርኩ።

ከበሬሳ ማዶ፣ በረቱ ውስጥ፣
አርባ ሰባት ተኝታ ታመሰኳለች፤
ዛሬ መመስከሯን የነገራት የለም።